የቡሄ ጅራፍና የደጃችን እንስሳት

በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ አገር የእረኞች በዓል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የክረምቱ ጉም ከሜዳው ሳይነሣ እረኞቹ ልጡንና ቃጫውን እያለዘቡ ጅራፋቸውን ይገምዳሉ፤ በዋዜማው ማታ ችቦ ይበራል፤ በየቤቱ ሙልሙል ይጋገራል፤ ልጆችም በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ይህን ለአንባቢዎቻችን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን ከደስታው ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም ልብ የማንለው አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ጅራፉ በጮኸ፣ ርችቱ በፈነዳ፣ ጥይቱ በተተኮሰ ቁጥር በደጃችን ባሉት እንስሳት ላይ የሚደርሰው ድንጋጤ ነው።

አባቶቻችን የበዓሉን ሥርዓት ሲያስተምሩ፣ የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ የተሰማውን የአብን ድምፅ፣ ችቦውም በዚያ የታየውን ብርሃን ያስታውሰናል ይላሉ። በትውፊት እንደሚነገረውም፣ በተራራው አካባቢ መንጋ የሚጠብቁ ልጆች ብርሃኑን አይተው ቀኑ ያልመሸ ስለ መሰላቸው በመስክ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተውና ኅብስት ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። እንግዲህ ትውፊቱ ከጥንት ጀምሮ እረኛንና መንጋን ያልረሳ ነው። ደግሞም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈው፣ ደቀ መዛሙርቱ ድምፁን በሰሙ ጊዜ እጅግ ፈርተው በግንባራቸው ወደቁ፤ ጌታም ቀርቦ ዳሰሳቸው፤ እንዳይፈሩም ነግሮ አስነሣቸው።

እኛ በየዓመቱ ድምፁን እናስታውሳለን፤ ከድምፁ ቀጥላ የመጣችውን የምትዳስስ እጅ ግን እንረሳለን። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ድምፅ የሚያሰማ ቤተ ሰብ፣ በድምፁ የሚደነግጠውን ፍጥረት የመጠበቅና የማረጋጋት ግዴታ አለበት። ጅራፉ ይቅር የሚል አሳብ የለንም። ስፍራው ይለይ፣ ጊዜው ይታወቅ፣ በደጅ ያለው እንስሳም አስቀድሞ ይታሰብለት እንላለን እንጂ።

ውሻው ለምን ይደነግጣል?

በክፍል ውስጥ ስለ ድምፅ ሲነገር አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «ጅራፉ ሳይነካው ውሻችን ለምን እንደ ተገረፈ ይጮኻል?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኞቹ ሣቁበት፤ ጥያቄው ግን የሚሣቅበት አልነበረም። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። በቡሄ ጊዜ ግን ጅራፉ ማንንም ሳይገርፍ ይጮኻል፤ ያልተገረፈውም ውሻ እንደ ተገረፈ ይሆናል።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ የጅራፉን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጅራፍ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ ክንድ የሰጠው ኃይል ወደ ቀጭኑ ጫፍ በደረሰ ጊዜ ፍጥነቱ እጅግ ይበዛል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሚገባ የተገመደና በሚገባ የተወነጨፈ ጅራፍ ጫፍ ግን ለቅጽበት ይህን ፍጥነት ያልፋል። በዚያን ጊዜ አየሩ ድንገት ተጨምቆ እንደ ትንሽ መብረቅ ይጮኻል። ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ሲያልፍ የሚሰማው ጩኸትም በዚሁ ዓይነት የሚፈጠር ነው። ስለዚህ የእረኛው ጅራፍ የሚያሰማው ድምፅ ከመሬትም ከእንስሳም ጋር በመጋጨት የሚመጣ አይደለም፤ ከአየሩ ከራሱ የሚወጣ ነው።

ርችትና ጥይት ደግሞ በባሩድ የሚሠሩ ናቸው። ባሩድ ከሺህ ዓመት በፊት በቻይና አገር የተገኘ ሲሆን፣ በእሳት ሲነካ በቅጽበት ወደ ብዙ ትኩስ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም አየሩን በኃይል ይገፋዋል። የድምፅ ኃይል ዴሲቤል በሚባል መስፈሪያ ይለካል። ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ሲነጋገሩ 60 ዴሲቤል ያህል ነው፤ በቅርብ የሚተኮስ ጠመንጃ ግን ከ140 ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዲህ ያለው የድንገት ድምፅ ለአዋቂ ሰው ጆሮ ከ140፣ ለሕፃን ጆሮ ደግሞ ከ120 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። ለሰው ይህን ያህል የሚያሠጋ ከሆነ፣ ከሰው ይልቅ ለሚሰሙት ፍጥረታት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

እንስሳት ከሰው ይልቅ ይሰማሉ ማለታችን በልማድ አይደለም፤ በምርመራ የታወቀ ነው። ሰው በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል። በግ እስከ 30,000፣ ፈረስ እስከ 33,000፣ ውሻ እስከ 45,000፣ ድመት ደግሞ እስከ 64,000 ገደማ የሚርገበገበውን ትሰማለች። እኛ አንድ ጩኸት የሰማን ሲመስለን፣ ውሻው በዚያው ጩኸት ውስጥ ለእኛ ያልተገለጠ የቀጠነ ፉጨት ይሰማል። በኦሪት ዘኁልቍ የበለዓም አህያ ጌታዋ ያላየውን አየች፤ እርሱ ግን ያየችውን ስላላየ ሦስት ጊዜ ደበደባት፤ በዚህም ተወቀሰ። ዛሬም ያለ ምክንያት የደነገጠ መስሎን የምንቆጣውና የምንመታው እንስሳ፣ እኛ ያልሰማነውን ሰምቶ ይሆናል።

በዚህ ላይ እንስሳ የድምፁን ምክንያት አያውቅም። ሰው ነሐሴ 13 ቡሄ፣ መስከረም 1 ዕንቁጣጣሽ፣ መስከረም 17 መስቀል፣ ጥር 11 ጥምቀት መሆኑን ያውቃል፤ ድምፁን ይጠብቀዋል፤ ሲሰማውም ይደሰታል። ለእንስሳ ግን የበዓል ቀን የሚባል ነገር የለም። ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ ወዴትም እንደሚሸሽ አያውቅም። ከድምፁ ብርታት ይልቅ ልቡን የሚሰብረው ይህ አለማወቁ ነው።

የድንጋጤው መዘዝ

«ይደነግጥ፤ ነገ ይረሳዋል» የሚል ሰው አይታጣም። ነገር ግን ድንጋጤው ትቶት የሚሄደው ነገር አለ።

መጀመሪያ ውሻን እንመልከት። በደጋችን ውሻ ያለ ደመወዝ የሚያድር ዘበኛ ነው፤ ከጅብና ከቀበሮ መንጋውን፣ ከሌባ ቤቱን ይጠብቃል። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ መልአኩ መንገዱን መራው፤ ውሻውም ተከተለው። እንዲህ ያለው ታማኝ እንስሳ ጩኸት በበዛበት ማታ ገመዱን በጥሶ ወይም አጥሩን ዘሎ ይጠፋል። በሌሊት የጠፋ ውሻ የጅብ እራት ሊሆን ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ፤ በጣም የፈራ ውሻ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ በጨለማ ጥግ ይሸጎጣል፣ ሊይዙት ሲሉም ይናከሳል። ይህን ያየ መንደርተኛ አበደ ብሎ በዱላ ሊገድለው ይችላል።

በሌላ ወገን ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን እውነተኛ አደጋ መሆኑ አይካድም። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ገለጻ፣ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች ከመቶ 99ኙ የሚያዙት በውሻ ምክንያት ነው። ስለዚህ የፈራውንና ያበደውን ውሻ በዓይን አይቶ ለመለየት መድፈር አይገባም። ማንም ሰው በውሻ ቢነከስ፣ ውሻው የራሱም ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ክትባቱን ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሰጠ ጀምሮ በጊዜው የታከመ ሰው ይድናል፤ በሽታው ከተገለጠ በኋላ ግን ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው።

በጎችም እንደዚሁ ናቸው። የመንዝ በግ አካሉ ትንሽ፣ ጠጉሩ ብዙ፣ ብርድ የሚችል፣ ለባለቤቱም የባናው፣ የዝተቱና የጥሬ ገንዘቡ ምንጭ ነው። ነገር ግን በግ ሲደነግጥ ብቻውን አይሸሽም፤ አንዱ የሄደበትን ሁሉም ይከተላል። በጠባብ ጉረኖ ውስጥ መንጋው ወደ አንድ ጥግ ሲጋፋ ግልገሎች ይረገጣሉ፤ ከታች የወደቀውም ይታፈናል። መውለጃዋ የደረሰ በግ ብትጋፋና ብትወድቅ ልትጨነግፍ ትችላለች። በአንድ ማታ ደስታ የዓመት ተስፋ ይጠፋል ማለት ነው። ዶሮዎችም በሌሊት ሲደነግጡ ከቆጣቸው ወርደው በአንድ ጥግ እየተደራረቡ ይተፋፈናሉ።

ፈረስና በቅሎ በተፈጥሯቸው ጠላታቸውን በሩጫ የሚያመልጡ ናቸው። የሠርግ አጃቢ ከሙሽራዪቱ በቅሎ አጠገብ ጠመንጃውን ሲተኩስ በቅሎዋ ብትበረግግ፣ የሚጎዳው በቅሎዋ ብቻ አይደለም። በኮርቻ ላይ ያለችው ሙሽራ፣ ልጓም የያዘው ሚዜ፣ በመንገድ ዳር የቆመው ሕፃን ሁሉ በአደጋ ላይ ናቸው። ወደ ሰማይ የተተኮሰውም ጥይት በዚያው ቀርቶ አይቀርም፤ ተመልሶ ይወርዳል፤ የሚወድቅበትንም ስፍራ የተኮሰው ሰው አይመርጠውም።

ከመንደሩ ውጭ ያሉት አራዊትም አይቀርላቸውም። በመንዝ ጌራ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጓሳ ምድር ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ ከአገራችን በቀር በሌላ ዓለም የማይገኝ ሲሆን፣ ቁጥሩ 500 ገደማ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ ፈጅቷል። እንግዲህ በበዓል ሌሊት ደንግጦ ወደ ጓሳ የሸሸ ያልተከተበ ውሻ፣ ለራሱ ከጅብ ቢተርፍ ለቀበሮው ጦስ ሊሆን ይችላል።

የጥይት ድምፅ ዛሬ

በቀድሞ ዘመን የጥይት ድምፅ በሠርግና በክብር ለቅሶ ላይ ሲሰማ፣ ሰሚው ሁሉ ትርጉሙን ያውቀው ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ እንደ ቀድሞው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ምድር ደርሶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ብዙ መንደር የተኩስ ድምፅ ሰምቷል። በዚያ ጊዜ የነበረ ውሻ፣ በዚያ ጊዜ ከጉረኖው የተበተነ መንጋ፣ የደስታውን ተኩስ ከመከራው ተኩስ ለይቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ በከባድ ድንጋጤ ውስጥ ያለፈ እንስሳ በሁለተኛው ጊዜ የሚደነግጠው በአነስተኛው ድምፅ ነው።

ይህ ነገር በእንስሳት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በእኛው ቤት ውስጥ ጥይት ሲሰማ ከአልጋ ሥር የሚገባ ሕፃን፣ ልጇን ያስታወሰች እናት፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚነሣው ሽማግሌ ይኖራል። ለውሻው ብለን የምናቆመው ተኩስ ለእነርሱም ዕረፍት ይሆናል። ስለዚህ ስለ ጅራፍ ስንናገር ስፍራው ይለይ እንላለን፤ ስለ ጥይት ስንናገር ግን ለደስታ ተብሎ የሚተኮሰው ጨርሶ ይቅር እንላለን። እልልታና ጭብጨባ፣ ከበሮና እምቢልታ ላላት አገር የደስታ ድምፅ አይጠፋባትም።

ምን እናድርግ?

ከሁሉ አስቀድሞ ዝግጅቱ በበዓሉ ማታ የሚጀመር መሆን የለበትም። በዓለም ላይ ፈረሰኛ ጦር የነበራቸው መንግሥታት ፈረሶቻቸውን ከተኩስ ጋር ያለማመዱት በአንድ ቀን አልነበረም። ፈረሱ ገፈራውን በሚበላበት ሰዓት ከሩቅ ተኩስ ያሰሙታል፤ ሳይደነግጥ መብላቱን ሲቀጥል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያቀርቡታል። እኛም ገና አንድ ወር ሲቀረው፣ ውሻው በሚበላበት ጊዜ አንዱ ልጅ ከሜዳው ማዶ ጅራፉን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያጮኽ ማድረግ እንችላለን። ውሻው መብላቱን ካላቋረጠ በሌላ ቀን ጥቂት ይቅረብ፤ ጆሮውን ካጣጠፈና ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ከከተተ ግን ልጁ ወደ ኋላ ይመለስ። በዚህ ሥራ መቸኮል የተሠራውን ያፈርሳል።

በበዓሉ ቀን ውሻውን ከሰዓት በፊት አንሸራሽሮ ማድከም፣ ውሃ ማጠጣትና ሳይመሽ ማብላት ይገባል። ቡሄ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል አጥንት ከየት ይመጣል የሚል ቢኖር፣ ሙልሙልና የእንጀራ ፍርፋሪም ይበቃዋል። ውሻን ወደ መኖሪያ ቤት ማስገባት በብዙ ቤት ልማድ አለመሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን በግቢው ውስጥ የእንጨት ማስቀመጫ፣ የእህል ቤት ወይም ባዶ ጋጣ አይታጣም። የመንዝ ሰው በድንጋይ የሚሠራው ወፍራም ግድግዳ ድምፅን እጅግ ይቀንሳል፤ በበሩና በመስኮቱ ላይ ደግሞ ባና ወይም ዝተት ቢጋረድ ከውጭ የሚገባው ድምፅም ብልጭታም ይቀንሳል። ወለሉ ላይ ጭድ ይነጠፍለት፤ ሊሸሸግበት የሚችል ጨለማ ጥግም ይኑረው። በአጭር ገመድ አስሮ በደጅ መተው ግን አይገባም፤ ለመሸሽ ሲታገል ራሱን ሊያንቅ ይችላልና።

ውሻው ሲፈራ ቢያባብሉት ፍርሃቱ ይብስበታል የሚል አሳብ ለብዙ ጊዜ ሲነገር ኖሯል። የዛሬዎቹ የእንስሳት ጠባይ ሊቃውንት ግን ይህን አይቀበሉትም። ፍርሃት ሆን ተብሎ የሚሠራ ጥፋት ስላልሆነ፣ በማባበል አይሸለምም። የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ በዝግታ ቢዳስሰውና በለሰለሰ ድምፅ ቢያናግረው ልቡ ይረጋል። መምታት፣ መጮኽ ወይም እንዲለምደው ብሎ እየጎተቱ ወደ ጩኸቱ መውሰድ ግን ፍርሃቱን ያበዛዋል። ድመትን በተመለከተ ከሁሉ የሚሻለው የተሸሸገችበትን ስፍራ አውቆ መተው ነው፤ ጎትተው ካወጧት ትቧጭራለች፤ ወደ ውጭም ትሸሻለች።

በጎችና ፍየሎች ሳይመሽ ወደ ጉረኖአቸው ይግቡ። እረኛው አስቀድሞ አጥሩን ይመልከት፤ የተሳለ እንጨት ወይም የተናደ ካብ ካለ ያስተካክል። እርጉዞቹና ግልገል ያላቸው ለብቻ ቢለዩ ከመጋፋት ይድናሉ። የሚያመነዥኩት ድርቆሽ ይቅረብላቸው። መንጋው የሚያውቀው አንድ ሰው፣ ምናልባትም ከጅራፍ ጨዋታ ዕድሜው ያለፈ አባት፣ በበሩ አጠገብ ቢቀመጥና አልፎ አልፎ ድምፁን ቢያሰማቸው ከብዙ መዝጊያ ይበልጣል። በግ የእረኛውን ድምፅ ያውቃልና።

ፈረስ፣ በቅሎና አህያ በለመዱት ጋጣ፣ ከለመዱት ጓደኛ ጋር ይደሩ። ብቻውን ያደረ ፈረስ ይጨነቃል፤ ከአንዲት አህያ ጋር ያደረ ግን ይጽናናል። በሠርግና በጥምቀት ጉዞ ላይ ለሙሽራ ወይም ለአረጋዊ የሚቀርበው በቅሎ፣ ዕድሜው የገፋና ግርግር የለመደ ይሁን። ልጓሙን የሚይዘው ሰው ያልጠጣና ጠባዩ የረጋ ይሁን፤ የፈሪ ሰው እጅ መንቀጥቀጥ በልጓሙ በኩል ወደ በቅሎው ይተላለፋልና።

የዶሮ ቆጥ ሳይመሽ ይዘጋ፤ ብልጭታ እንዳይገባበትም ይሸፈን። የችቦውም ነገር መረሳት የለበትም። ችቦ ከሣር ክዳን፣ ከጭድ ክምርና ከከብት በረት አጠገብ አይለኮስ፤ ከተለኮሰም በኋላ ፍሙ በውሃ ይጥፋ። እንስሳ በተዘጋ በረት ውስጥ እያለ እሳት ቢነሣ የሚያመልጥበት የለውም።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር እንጨምር። የሰውን የእንቅልፍ መድኃኒት ወይም አረቄ ለእንስሳ መስጠት መርዝ እንደ መስጠት ነው። ከእንስሳት መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ እግሩን አስረው ልቡን ሳያረጋጉ ይተዉታል፤ እንስሳው መንቀሳቀስ እያቃተው ፍርሃቱን እንደ ያዘ ያድራል። ስለዚህ ፍርሃቱ እጅግ የበረታበት እንስሳ ካለ፣ ከበዓሉ ብዙ ቀን አስቀድሞ ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው እንጂ፣ ከጎረቤት የተገኘ ክኒን ማዋጥ አይገባም። በዚያው ጊዜ ውሻው የእብድ ውሻ ክትባት ሳይወስድ ቀርቶ እንደሆነ ማስከተብ ይቻላል።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ ነገሩ በጅራፍ ፈንታ ርችት ነው። በዘመን መለወጫ፣ በመስቀልና በገና ዋዜማ ልጆች በየመንገዱ ርችት ሲያፈነዱ የግቢው ውሻ መግቢያ ያጣል። በጠባብ ግቢ የሚኖር ቤተ ሰብ ከድምፁ ርቆ መሄድ ስለማይችል፣ ውሻውን በውስጠኛው ክፍል ወይም በደረጃ ሥር ማሳደር፣ መስኮቱን መጋረድ፣ ሬዲዮን በመጠኑ ከፍቶ መተው ይጠቅማል። በአንገቱ ማሠሪያ ላይ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር ቢጻፍ፣ ቢጠፋ እንኳ ያገኘው ሰው ይመልሰዋል። የግቢው በር በዚያ ማታ በእንግዶች መግቢያና መውጫ ክፍት ሆኖ እንዳይቀር ከልጆች አንዱ ይመደብበት። ልጅ በእጁ ርችት ይዞ ወደ ውሻና ወደ ድመት እንዳይወረውር መከልከል ደግሞ የወላጅ ድርሻ ነው። ፍጥረትን በማስፈራራት የሚሥቅ ልጅ፣ ሲያድግ በሰው መከራ የማይሥቅ ለመሆኑ ምን ዋስ አለን?

በስምምነት የሚሠራ ሥራ

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በጣሊያን አገር ኮሌኪዮ የተባለችው ትንሽ ከተማ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የሚተኮሰው ርችት ድምፁ የለዘበ እንዲሆን ደንብ አውጥታለች። በደቡብ አሜሪካ የኢኳዶር ግዛት የሆኑት የጋላፓጎስ ደሴቶች በ2018 በዚሁ አቆጣጠር፣ ለአራዊታቸው ሲሉ ጩኸት ያለውን ርችት ከልክለዋል። በአሜሪካ አገር በአርካንሳስ ግዛት ቢቢ በተባለች ከተማ ደግሞ፣ በ2010 በአውሮፓውያን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሌሊት ርችት ያስደነገጣቸው ወፎች በጨለማ እየበረሩ ከቤትና ከዛፍ ጋር በመጋጨት በሺህ የሚቆጠሩ ሞተው ተገኝተዋል። ይህን ያየ ሕዝብ ደስታውን አልተወም፤ ደስታውን የሚገልጥበትን መንገድ መረመረ እንጂ።

ለእኛ ግን ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። የመንዝ አባቶች ጓሳን ቄሮ በተባለው ሥርዓት በጋራ ያስተዳድሩት ነበር። ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የነበረ እንደሆነ ይነገራል፤ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅም ቆይቷል። ሣሩ እንዲያገግም ምድሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ በተወሰነው ቀን ይከፈታል፤ ደንቡን የጣሰም ይቀጣል። ለሣር ይህን ያህል ስምምነት ያደረገ ሕዝብ፣ ለጅራፍ ስፍራና ሰዓት መወሰን ያቅተዋልን?

ስለዚህ በየሰንበቴው፣ በየማኅበሩና በየእድሩ ነገሩ ይነሣ። ነሐሴ ሳይገባ ሽማግሌዎች ከእረኞች ጋር ተነጋግረው፣ ከጉረኖና ከበረት የራቀ አንድ ሜዳ ለጅራፍ ይምረጡ። ልጆች በዚያ ይሰብሰቡ፤ በዚያ ይወዳደሩ፤ ጅራፍ በያዘ እጅ ግን በቤትና በከብት አጠገብ አያልፉ። ለሠርግ የሚጠራ አጃቢ ያለ ተኩስ እንዲመጣ ጥሪው ሲነገረው አብሮ ይነገረው። የሙሽራው አባት ይህን ቢናገር እንግዳውን አዋረደ አይባልም፤ ሙሽራዪቱን ጠበቀ ይባላል እንጂ። የንስሐ አባቶችም በዋዜማው ለቤተ ሰቡ አንድ ቃል ቢናገሩ ከብዙ ደንብ ይልቅ ይሰማል።

ጠቢቡ ሰሎሞን ጻድቅ ሰው የእንስሳውን ነፍስ የሚያስብ እንደሆነ አስተምሯል። ሕገ ኦሪትም በዕረፍት ቀን በሬውና አህያው ከባለቤታቸው ጋር እንዲያርፉ አዝዛለች። በበዓል የምናርፈው እኛ ብቻ ሆነን፣ ዓመቱን ሙሉ ያገለገሉን በጋጣና በጉረኖ ሲንቀጠቀጡ ቢያድሩ ዕረፍታችን ጎደሎ ነው። በታቦር ተራራ የተገለጠው ነቢዩ ኤልያስም አስቀድሞ በኮሬብ ተራራ ሳለ፣ እግዚአብሔርን በነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ ውስጥ አላገኘውም፤ ከዚያ በኋላ በመጣው በዝግተኛው ድምፅ ነው እንጂ።

እንግዲህ በመጪው ነሐሴ 12 ማታ፣ ልጆቻችሁ ጅራፋቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ከመውጣታቸው በፊት፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ይሰጣቸው፤ አንዱ የጉረኖውን በር ይይ፤ አንዷ ለውሻው ውሃ ታቅርብ፤ ታላቁም በቅሎዋን በጋጣዋ ያስገባ። ከዚያ በኋላ ጅራፉ ይጩኽ፤ ችቦውም ይብራ። እግዚአብሔር በዓሉን ለሰውም ለእንስሳም የሰላም ያድርግልን።